የይለፍ ቃሉ ሱባኤ ገብቷል

ጫማዬ በረንዳ ላይ ተገልብጦ ሲደርቅ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ባለቤቴ ጣለው ትላለች፤ እኔ ግን የጋፋትን ጭቃ አራግፌ ለመገላገል አልጨከንኩም። ደብረ ታቦርን በካርታ ካልሆነ የማታዩዋት ወዳጆቼ ደግሞ «እንዴት ነበር?» እያላችሁ በስልክ ስትጠይቁኝ ታሪኩን እየቆራረጥኩ መናገር ሰለቸኝ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ልጽፈውና ይውጣልኝ።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ ሰው ታብሌትና ኮምፒዩተር እንዲጠቀም አሠለጥናለሁ። ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ጋፋት አጠገብ ወዳለች አንዲት መንደር ላከኝ። ሥልጠናው አምስት ቀን ነው። በመጨረሻ መንደሩ ከመካከሉ አንድ ሰው መርጦ «የዲጂታል ወኪል» ያደርጋል። ወኪሉ ታብሌት ይረከባል፣ ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ የጎረቤቶቹን ድንችና በግ ከከተማ ገዢ ጋር ያገናኛል፣ በየቢሮው የሚጠየቁትን ቅጽ ይሞላላቸዋል። የወኪሉ ስም እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ ግን ዕድሉ እብናት በኩል ወዳለ ሌላ መንደር ያልፋል። ስነሣ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላልኳትም ነበር።

እሑድ

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ። የያዝኩት አንድ ካርቶን ታብሌትና ቢሮ ጠቅልለው የሰጡኝ አንድ ባነር ነው። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ካርቶኑን ተቀብሎኝ ጣሪያው ላይ ከሁለት በጎች ጋር አሰረው።

«ኧረ ይሰበራል!» አልኩት።

«በጎቹ መንገድ የለመዱ ናቸው፤ አይረግጡትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልረገጡትም። የረገጠው ራሱ ረዳቱ ነው፣ ወረታ ላይ ሌላ ዕቃ ሊጭን ሲወጣ።

እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ያለውን ሰው ሰላም ካልከው ኪሱን ይዳብሳል። እዚህ ከወረታ የተሳፈረች እናት የተኛ ልጇን ሳትጠይቀኝ ጭኔ ላይ አስቀምጣ እሷም አንገቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኛች። ዳገቱን ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ እኔም የማላውቀውን ልጅ እንዳቀፍኩ ደብረ ታቦር ገባሁ። እናቲቱ ስትወርድ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተመችቶት ነው የተኛ» ብላ አመሰገነችኝ።

ሆቴሉ ውኃ የለውም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውስጥ ቧንቧው ያፏጫል። እንግዳ ተቀባይዋ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ አይታ ከቤቷ በባልዲ የሞቀ ውኃ አስመጣችልኝ። «አዲስ አበባም ይበርዳል አይደል?» አለችኝ። እንጦጦ ሥር ነው የተወለድኩት፤ እስከዚያ ቀን ብርድ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ሹራቤን ደርቤ፣ በሹራቡ ላይ ዝናብ ልብሴን ደርቤ ተኛሁ።

ሰኞ

ባጃጁ ጭቃው እስከፈቀደለት ድረስ ወሰደኝና «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» ብሎ አራገፈኝ። የመንደሩ ማኅበር ሊቀ መንበር አያ ደሴ ጃንጥላ ይዘው ይጠብቁኛል። ካርቶኑን ትከሻቸው ላይ አደረጉና «አንተ ጫማህን ጠብቅ» አሉኝ። ተናግረው ሳይጨርሱ የግራ እግር ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን በእጃችን ቆፍረን አወጣነው።

ሥልጠናው ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እግሬን ስታጠብ ዘበኛው ባነሩን ይሰቅልልኝ ነበር። ስገባ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከራሴ በላይ አንጋጠው ያያሉ። እኔም ዞሬ አየሁ። «የዘመናዊ ዶሮ እርባታ ሥልጠና» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን ጥጃ የምታክል ነጭ ዶሮ ተሥላለች። ቢሮ አለዋውጠውታል። የኔው ባነር ይሄኔ አንዱ ቆላ አገር ዶሮዎች መካከል ተሰቅሏል።

ላወርደው ነበር፤ ነገር ግን ቢሮዬ በየቀኑ ፎቶ እንድልክ ያዘኛል፣ ባነር የሌለበት ፎቶ ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ ዶሮዋ እንደተሰቀለች ቀረች። ስሕተት መሆኑን፣ እኛ የምንማረው ስለ ታብሌት መሆኑን በደንብ አስረዳሁ። ሁሉም በትሕትና አዳመጡኝ።

«ገብቶናል» አሉ አያ ደሴ። «ጫጩቶቹስ መቼ ይደርሳሉ?»

እንደገና አስረዳሁ። አያ ደሴ እንደገና ገባቸው። «ነገሩ» አሉኝ፣ «እዚህ ጋፋት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ፈረንጆች ንጉሡ ይዘዋቸው መድፍ ሲያቀልጡ ነው የኖሩ። አንተም ታብሌት ይዘህ መጥተህ ምን ሠርተህ እንደምትሄድ አይታወቅም።»

ስም ስመዘግብ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ተራዋ ሲደርስ «የትኛውን ስሜን ልስጥዎ?» አለችኝ።

«ስንት አለሽ?»

«በቀበሌ መታወቂያዬ ይታይሽ ነኝ። በፓስፖርቴ ዘሃራ። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ዘሃራ ሲሉኝ ነው አቤት ስል የኖርሁ።»

ይታይሽ ብዬ ጻፍኩ። ታብሌቱን ስሰጣት ገና አከፋፈቱን ሳላሳይ ቋንቋውን ቀይራ፣ ብርሃኑን ቀንሳ፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁለት ሰዎችም አስተካክላላቸው ነበር። እኔ ታብሌቱ አማርኛ እንዲጽፍ ለማድረግ አዲስ አበባ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

በዚያ ጭቃ በየቀኑ ወደ ከተማ መመላለስ እንደማይሆን ሲታይ የይታይሽ እናት እመት ባንቺአየሁ «እኔ ዘንድ ይደር» ብለው ወሰዱኝ። መደቡን ለቀቁልኝ፣ ለክት ያስቀመጡትን ባና አለበሱኝ፣ እሳቸው ምድጃው አጠገብ ጀንዲ ላይ ጋደም አሉ። እምቢ ብል የሚሰማኝ የለም። የእኔ ቤት እንግዳ ሲመጣ ሶፋው ላይ እንደሚያድር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

መጀመሪያ ወደ ቤቱ ስገባ በሩ ጀርባ ከቆመ ነገር ጋር ተጋጭቼ ጉልበቴ ተላጠ። ትልቅ፣ ቀይ፣ ጎማ ያለው ሻንጣ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ወረቀት ገና እጀታው ላይ አለ።

«ምን አስቀመጡብን እማማ?» አልኩ እየሳቅኩ።

«የልጅቱ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ።

ይታይሽ ናት ያስረዳችኝ። ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ከተማ ሥራ ፈልጋ አላገኘችም፤ ደላላው ደግሞ ሌላ ቪዛ ወጥቶልሻል ብሏታል። የሚቀጥለው ሰኞ ልትሄድ ሻንጣው ተሸክፏል። ወኪልነቱን ካገኘች ግን ትቀራለች። «አላማረኝም» አለችኝ፣ «ግን እዚህ እጄን አጣጥፌ እናቴን ከምበላት እሄዳለሁ።» እመት ባንቺአየሁ ሻንጣውን ሲያልፉ ቤት ውስጥ የተኛ ውሻ እንደሚያልፉ ጥግ ይዘው ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ግማሾቹ ቅርጫት ይዘው መጡ። ለጫጩቱ ነው። ዝም ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

የዕለቱ ትምህርት የይለፍ ቃል ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ ይኼ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ዲግሪ የጫኑ የቢሮ ሠራተኞች ግማሽ ቀን ተከራክረው፣ በመጨረሻ ሁሉም ከአንድ እስከ ስምንት ቆጥረው ገቡ። ለነገሩ የኔም ላፕቶፕ የሚከፈተው እንደዚያው ነው፤ ይህን ለሠልጣኞች አልናገርም።

«የይለፍ ቃል ማለት» አልኩ፣ «አንተ ብቻ የምታውቀው፣ ለጎረቤት ቀርቶ ለሚስት የማይነገር፣ ክፉ ሰው እጅ ከገባ የሚያስጎዳህ፣ አንተ ግን እስክትሞት የማትረሳው ነው። ለማንም! ለማንም አትንገሩ!»

ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይኸማ በአርባና በሰማንያ ቀናችን የተሰጠን አለን» አሉ።

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም፤ ጨዋታ ወዳጅ ናቸው ብዬ አለፍኩት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በነጠላና በጋቢ ተከልለው ጻፉ። በአምስት ደቂቃ አለቀ። መጨረሻው ላይ ቁጥር ጨምሩበት ስል ደግሞ «ባለ ወልድ ስንት ነው?» «ሃያ ዘጠኝ!» «አቦስ?» «አምስት!» ተባባሉ። ስለ በዓላት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ለአለቃዬ «እንዲህ ያለ ሠልጣኝ አይቼ አላውቅም» ብዬ ከዶሮዋ ፎቶ ጋር ላክሁለት።

ቢሮ ለሻይ ዕረፍት ብሎ ብስኩትና ወተት ገዝቶ ነበር። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀምስ የለም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ወተት የሚነካ የለም። ሆኖም የዕረፍት ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ ስላለ ሁላችንም ለሩብ ሰዓት ብስኩቱን ከበን ተቀመጥን፤ ተመልክተነው ወደ ሥራችን ተመለስን። ማታ እመት ባንቺአየሁ ቂጣና የድንች ወጥ አቀረቡልኝና እስኪያንገሸግሸኝ አጎረሱኝ።

ረቡዕ

በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎቼ ጠፉ። ስወጣ ሁሉም ዝግባው ሥር ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጫፍ የመንደሩ የንስሐ አባት ቄስ ሙጨ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ይጠጋል፣ ጆሮውን ያቀርባል፣ ቄሱ አንድ ነገር ያንሾካሹኩለታል፣ ሰውየው ታብሌቱን ነካ ነካ ያደርግና ይከፈትለታል። መስቀል ተሳልሞ ይሄዳል።

«አባ፣ ምን እየነገሯቸው ነው?»

«የይለፍ ቃላቸውን ነዋ» አሉኝ በእርጋታ። «ስሙንስ አይረሱትም፤ ፊደሉ ነው የሚጠፋባቸው።»

ያኔ በራልኝ። ሃያውም ሰው የክርስትና ስሙን ነው የጻፈው። ለማንም የማይነገር፣ መተተኛ ካገኘው የሚያስጎዳ፣ እስከ ሞት የማይረሳ ስም ምን አለ ካላችሁኝ፣ እኔ ራሴ ትናንት ቆሜ ይህንኑ አስተምሬያለሁ። ቁጥሩም የየስማቸው ታቦት የሚውልበት ቀን ነው። ግማሾቹን ያጠመቁ፣ ሁሉንም በስማቸው ሲያቆርቡ የኖሩት ደግሞ እኚሁ ቄስ ናቸው። የመንደሩ ምሥጢር ሁሉ አንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ላብ አጠመቀኝ። ስለ መረጃ ደኅንነት ልሰብካቸው ጀመርኩ። ቄስ ሙጨ አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ እኔ የዚህን አገር ኃጢአት በሙሉ ሠላሳ ዓመት ይዣለሁ። አንድም ቀን አላፈተለከ። የናንተ መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት ይዞ ያውቃል?»

ባነሩን እንኳን በትክክል መላክ ያልቻለ መሥሪያ ቤት ነው።

ከሰዓት በኋላ የወኪል ምርጫ ተደረገ። ሁሉም እጅ ለይታይሽ ተነሣ። እመት ባንቺአየሁ ሁለቱንም እጃቸውን አንሥተው አንዱን እንዲያወርዱ ተነገራቸው። የቀረው ስሟን በመንደሩ የጋራ መዝገብ ውስጥ አስገብቶ መላክ ነው፤ ያ መዝገብ ደግሞ የራሱ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ማን ይያዘው በሚለው ላይ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ አያ ደሴ «የያንዳንዳችን እሳቸው ዘንድ ካለ የጋራችን ሌላ የት ይሄዳል?» አሉና ታብሌቱ ለቄስ ሙጨ ተሰጠ። ቄሱ ጥቂት አሰቡ፤ ይታይሽን አየት አደረጓትና ጋቢያቸውን ታብሌቱ ላይ ጣል አድርገው ጻፉ።

ልንልክ ስንል ኔትወርኩ ሄደ። ነገ እንልከዋለን ተባባልን።

ሐሙስ

ሌሊቱን መብራት አልነበረም፤ ታብሌቱ ባትሪውን ጨርሶ አደረ። ቀትር ላይ መብራት መጥቶ ሲነሣ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ይታይሽ ወደ ቄስ ሙጨ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ሽንብራ ይለቅማሉ።

«ጎሕ ሲቀድ ጣራ ገዳም ሄደዋል። ለሱባኤ ነው» አሉን።

«ስልክ ይዘዋል?»

«ለኔ ትተውት ነው የሄዱ። ቢይዙትስ ምን ሊረባህ? የአርምሞ ሱባኤ ነው የገቡ። ሰባት ቀን ቃል አይወጣቸውም።»

«ቃሉን ለእርስዎ አልነገሩም?»

ወይዘሮዋ ቀና ብለው አዩኝ። «ለሚስት የማይነገር ነው ያልህ አንተ አይደለህ?»

ቢሮ ደወልኩ። የምትናገረው ማሽን ናት፦ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጥዎታል። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ይታይሽ ዓረብ አገር ደርሳ የሰው ምንጣፍ ታራግፋለች።

ታብሌቱ አምስት ሙከራ ይፈቅዳል፤ ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል። ሰው ተሰበሰበ። አያ ደሴ የደብሩን ታቦት አሉ፤ አልሆነም። የቄሱ ባለቤት የባላቸውን የክርስትና ስም ለታብሌቱ ብቻ በጆሮው ነግረው፣ በኋላ መጻፍ እንዳለበት ሲነገራቸው ተከልለው ጻፉ፤ እሱም አልሆነም። ሦስተኛውን ያባከንኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑን ሳይ ጣቴ በልማዱ ከአንድ እስከ ስምንት ቆጠረ። የሃያ ሰው ዓይን አረፈብኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሁለት ሙከራ ቀረ።

ቤት ስንገባ ይታይሽ ሻንጣውን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው። «እንግዲህ ሰኞ መሄዴ ነው» አለች። እናቷ ራት አቅርበው፣ እኔ እስክጨርስ ጠብቀው፣ እጄን ሲያስታጥቡኝ ነው የተናገሩት።

«አንተ ልጅ፣ ሰባት ዓመት በስልክ ድምጿን እየሰማሁ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ አልችልም። ያን ቃል ከገባበት ገብተህ አምጣልኝ።»

እንደማመጣ ማልኩላቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ በጣም ፈራሁ።

ዓርብ

ጎሕ ሳይቀድ ይታይሽ፣ አያ ደሴና እኔ ተነሣን። መንገዱ ወደ ወረታ ወርዶ፣ በጎንደር መንገድ አዲስ ዘመን ይደርሳል፤ ገዳሙ ከከተማዋ በላይ ጫካው ውስጥ ነው። ገና ሳንጋመስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ተብሎ የተጫነውም የፈነዳ ነው። ሹፌሩ ጎማውን ይዞ ሄደ፣ ዝናቡ መጣ። እኛ ሰፈር እንዲህ ሲሆን መንገደኛው ቪዲዮ ይቀርጽሃል። እዚህ ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ሴት በሯን ከፍታ ተሳፋሪውን በሙሉ አስገባችን። ሰው በሰው ላይ ተቀመጥን። ታብሌቱን ከእጄ ወሰደችና በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለሌን አይታ ተቆጣችኝ፤ በሻሽዋ አድርቃ ከዱቄት ዕቃዋ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስንወጣ ስሟን እንኳን አልጠየቅናትም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲስ ዘመን ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዳገቱን ስንወጣ አያ ደሴ ሁለት ጊዜ ቆመው ጠበቁኝ፤ ዕድሜያቸው የእኔን እጥፍ ይሆናል። በሩ ላይ አንድ መነኩሴ አገዱን።

«ሱባኤ ላይ ያለ ሰው አይጠራም።»

«እኛ ልናናግራቸው አልመጣንም አባ» አሉ አያ ደሴ። «ዝም ብለው ወጥተው ዝም ብለው ይዩን። እኛም ዝም እንላለን።»

መነኩሴው ሕግ የሚጥስ ነገር ፈልገው አጡና ገቡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቄስ ሙጨ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ። ዝም እንላለን የተባለውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

«አባ፣ ቃሉ ጠፋብን! አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው! ይጻፉልኝ!» ብዕር ዘረጋሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መጻፍም መናገር ነው ማለታቸው ነው። «እሺ እኔ ልጥራ፣ እርስዎ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በሚካኤል ነው? በገብርኤል?» ቄሱ ባነሩ ላይ ያለችውን ዶሮ እንደሚያዩ አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ይታይሽን አመለከቱ።

«አዎ፣ ወኪሏ እሷ ናት፤ ቃሉስ?»

እንደገና አመለከቷት።

«ለሷ ብቻ ሊነግሯት ነው?» አልኩ። አያ ደሴ «ቡራኬ ሊሰጧት ነው» አሉ። ይታይሽ ተጠግታ ተንበረከከች። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉና ሳያነሡ ቆዩ። ስትነሣ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«እኔን ነው» አለች።

«ምን እኔን?»

«ቃሉ የኔ ስም ነው። እሳቸው ናቸው ያጠመቁኝ። የኔን የክርስትና ስም ነው የጻፉት።»

ቄስ ሙጨ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዞረው ገቡ።

«ታዲያ ጻፊዋ!» ብዬ ጮህኩ።

አልጻፈችም። ታብሌቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። «ከመጣሁ አልቆረብሁም» አለች ቀስ ብላ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ስም የጠራኝ የለም። ዘሃራ ነኝ ስል ስል ሌላው የጠፋኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ከውጭ ቆሜ ነው የምመለስ።» እንባዋ ወረደ። እኔ ሰዓቴን አይ ነበር፤ ለዚህ ይቅር ትበለኝ።

ኔትወርክ የለም። በረኛው መነኩሴ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ሳያነሡ «ኔትወርክ ከዚያች ወይራ ሥር ነው» አሉን። ሮጥን። አያ ደሴ ጃንጥላቸውን በይታይሽ ላይ ዘረጉ፣ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት። የሠልጣኝ ጀርባ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ የራሴን ጀርባ ለሠልጣኝ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«እምቢ አለኝ!» አለች። ብርድ የበላው ጣቷ ሌላ ፊደል ነክቶ ነው። አንድ ሙከራ ቀረ። ልናገር አፌን ስከፍት አያ ደሴ ክንዴን ያዙኝ። ይታይሽ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ከታ አሞቀቻቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሯ እያንሾካሾከች ስትጽፍ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እንዳይለይም ወደ ጫካው ሁለት እርምጃ ራቅኩ።

«ተከፈተ» አለች።

አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስሟ ተላከ። አያ ደሴ ጃንጥላቸውን አጥፈው ዝናቡ ላይ ቆመው ሳቁ። በቀኑ መጨረሻ የሚላከውን ፎቶ ያነሣሁት እዚያው ወይራው ሥር ነው፤ ባነሩን ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ረስቼዋለሁ፣ ቢሮ አልተቀበለውም።

ቅዳሜ

አዲስ ዘመን አድረን ተመለስን። እመት ባንቺአየሁ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልጠየቅኳቸውም። «ተላከ?» አሉኝ። «ተልኳል» አልኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አያ ደሴ ዝናብ ነው ብለው ሸፈኑልኝ።

ባሕር ዳር ደርሼ አውሮፕላኑን ስጠብቅ እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

«ምን ሆነሃል? ታመሃል?»

«አልታመምኩም። ለሥራ ፈልጌው ነው።»

«በስልክ አይነገርም» አለችና ዘጋችው። እስካሁን እሷ ዘንድ አልሄድኩም፤ ላፕቶፔም ከአንድ እስከ ስምንት እየቆጠርኩ እየከፈትኩት ነው።

ትናንት ደግሞ ከይታይሽ መልእክት ደረሰኝ። ቢሮዬ በየቀኑ የላክሁለትን ፎቶ አይቶ፣ ባነሩን አንብቦ፣ ለመንደሩ አንድ መኪና ጫጩት ልኳል። አያ ደሴ «ብዬህ አልነበረም?» እንድትለኝ አደራ ብለዋታል። ይታይሽ በወኪልነቷ ለየቤቱ አከፋፍላ፣ በታብሌቷ መዝግባ፣ የእናቷን ድርሻ ፎቶ አንሥታ ልካልኛለች። ቀዩ ሻንጣ ምድጃው አጠገብ ተከፍቶ ተዘርግቷል፤ ጭድ ተጎዝጉዞበታል፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ወረቀት አሁንም እጀታው ላይ ነው። ውስጡ ጫጩት በጫጩት ነው። ከጥጉ የእመት ባንቺአየሁ እጅ ጥሬ ሲበትን ይታያል።

ከፎቶው ሥር «እማዬ ሻንጣውን አልመልስም ብላለች» ትላለች።